ከፍቺ በኋላ ቶርኖ ቤትን ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ማዛወር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባልና ሚስት አብረው ያቋቋሙት ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን (ቶርኖ) የሚሠራ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ትዳሩ ሲፈርስ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ከትዳሩ ጋር ሙያውንም ጥሎ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት አይሱዙ አስጠግቶ ማሽኑን ይጭናል። በሁለቱም መንገድ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የሥራ ቤታቸውን ከመሀል ከተማ ወደ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ሰበታና ቡራዩ ለማዛወር የተነሱ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ከሥራው ልምድና ከሕጉ የተውጣጡ ቢሆኑም፣ በራስዎ ጉዳይ ላይ ጠበቃ ማማከርዎን አይተዉ።

ፍቺው ሳያልቅ ማሽኖቼን ማንሳት እችላለሁ?

ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ይችላሉ። ካልተስማማችሁ አንድ ብሎን እንኳ አይፍቱ። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በጋራ እንዲያስተዳድሩት ይደነግጋል። የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ስለ ንብረቱ አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ማሽኑን ሌሊት አውጥቶ ገላን የተከለ ሰው የእግድ ትእዛዝ ሲደርሰው ማሽኑም ይቆማል፣ የአዲሱ ቤት ኪራይም በከንቱ ይቆጥራል፣ በዳኛው ፊት ያለው አመኔታም ይሸረሸራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሽማግሌዎች ባሉበት የዕቃ ዝርዝር ይዘጋጅ። የእያንዳንዱ ማሽን ዓይነት፣ የፋብሪካ ቁጥርና ያለበት ሁኔታ ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ «ማሽኖቹ ወደዚህ ቦታ ቢዛወሩም ክፍፍሉ እስኪጠናቀቅ የማንም መብት አይነካም» የሚል አጭር ስምምነት ይጨመርበት። ይህች አንድ ገጽ ወረቀት ከብዙ ወራት ክርክር ታድናለች።

መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን ከሸጠ ሌላው ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ሽያጩ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። 500 ብር ዛሬ አንድ ደህና የሞረድ ስብስብ አይገዛም፤ ስለዚህ በቤትዎ ያለ ማሽን ሁሉ በዚህ ሥር ይወድቃል ብለው ያስቡ።

ቶርኖው የተገዛው በእኔ ስም ነው። ደረሰኙም ንግድ ፈቃዱም የእኔ ነው። እንዴት የጋራ ይባላል?

በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጠራል። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረዎት፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ነው። አባትዎ ያወረሱዎት ሞርሳ (ብረት ማሰሪያ) የእርስዎ ነው፤ በዚያ ሞርሳ ሠርተው ያገኙት ገቢ ግን የጋራ ነው። የግል ንብረትዎን ሸጠው ማሽን ከገዙ ደግሞ የተገዛው ማሽን የግል እንዲባል ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። ይህን ሰዎች የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

ጋብቻ አልፈጸምንም፤ እንደ ባልና ሚስት ግን ለረጅም ዓመታት አብረን ኖረናል።

ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ቢያንስ 3 ዓመት ከዘለቀ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ እንደሚሆን ሕጉ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ወረቀት የለንም» ማለት «መብት የለሽም» ማለት አይደለም። አብሮ መኖራችሁን ጎረቤት፣ ዕድርና የቤት ኪራይ ውል ሊያስረዱ ይችላሉ።

ባለቤቴ ማሽን ነክታ አታውቅም። እኩል የምትካፈለው በምን ሒሳብ ነው?

ይህ ጥያቄ በጣም ስለሚደጋገም፣ ደግሞም ስለሚያሳዝነኝ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ሕጉ መልሱን አስቀምጦታል፦ የተለየ ውል ከሌለ የጋራ ንብረት ለባልና ለሚስት እኩል ይካፈላል። ማን ቶርኖ ላይ ቆመ፣ ማን አልቆመም አይልም። ሕጉ ባይኖርም ግን እውነቱን ከቤቱ ደብተር ላይ ማየት ይቻላል። የብዙ ቶርኖ ቤቶችን ደብተር የያዘችው ሚስት ናት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለፑሌጃው (ቀበቶ ለሚዞርበት መዘውር) ስንት ቀብድ እንደከፈለ፣ የመኪናው ባለቤት ለአክስሉ ስንት እንደቀረበት፣ የትኛው ደንበኛ ቀጠሮ እንደሚያፈርስ የምታውቀው እሷ ናት። ከምናለሽ ተራ ብረት አስጭና የመጣችው፣ ለሠራተኛ ምሳ ያደረሰችው፣ ሥራ በጠፋባቸው ወራት በዕቁብ ገንዘብ ኪራይ የከፈለችው እሷ ናት። የማሽኑ ዘይት እጅዋ ላይ አለመታየቱ ማሽኑን አልገዛችም ማለት አይደለም።

በተቃራኒው ሚስቲቱ የሙያው ባለቤት የሆነችባቸው ቤቶችም አሉ፤ በሙያ ትምህርት ቤቶች ተምረው ቶርኖና ፍሬዛ (በሚሽከረከር ምላጭ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) የሚያንቀሳቅሱ ሴቶች እየበዙ ነው። ለባልየውም ሕጉ ያው ነው።

ማሽን ለሁለት አይቆረጥ። ታዲያ እንዴት ይካፈላል?

ሕጉ ክፍፍሉ በተቻለ መጠን በዓይነት እንዲሆን ይፈልጋል፤ አንዱ የደረሰው ዕቃ በዋጋ ከበለጠ ልዩነቱን በገንዘብ ያካክሳል። መከፋፈል የማይችል ንብረት ላይ ካልተስማማችሁ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል። የሐራጅ ሽያጭ ላይ ከደረሰ ሁለታችሁም እንደምትከስሩ አስቀድማችሁ እወቁት፤ በችኮላ የተሸጠ ማሽን ተመልሶ የሚገዛበት ዋጋ ሌላ ነው።

የተሻለው መንገድ በሙያው የሚቀጥለው ሰው ማሽኖቹን ወስዶ ሌላው ድርሻውን በገንዘብ፣ በመኪና ወይም በቤት ዕቃ እንዲቀበል ነው። ክፍያው በየወሩ ከሆነ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፣ ስምምነቱም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። ግምቱን የሚሠራው ሰው ሁለታችሁም የመረጣችሁት፣ ማሽን አስነስቶ ድምፁን ሰምቶ የሚገምት ባለሙያ ይሁን። በፎቶ የተገመተ ቶርኖ ትክክለኛ ዋጋውን አያገኝም፤ የአልጋው (መቁረጫው የሚንሸራተትበት የማሽኑ መሠረት) መበላትና የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ መላላት በፎቶ አይታይም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ከማሽኑ ጋር የመጡ ዕቃዎችን ከማሽኑ አትለዩ። በንዴት «ሳጥኑ የእኔ ነው» ተብሎ የጥርስ ማውጫ ማርሾቹ ወደ አንድ ቤት፣ ቶርኖው ወደ ሌላ ቤት የሄደበት ጊዜ አለ። ማርሾቹ የተሠሩት ለዚያ ማሽን ብቻ ስለሆነ ለወሰዳቸው ሰው ቁርጥራጭ ብረት ናቸው። ቶርኖውም ያለ እነሱ የሚፈለገውን የብሎን ጥርስ ማውጣት አይችልም። ረጅም ዘንግ የሚደግፈው መያዣ፣ የሚቆረጠውን ብረት የሚይዙት ባለ ሦስትና ባለ አራት መንጋጋ ቻኮች፣ ቁልፎቹ፣ የፋብሪካው መመሪያ፣ ሁሉም ከማሽኑ ጋር በአንድ ተራ ቁጥር ይመዝገቡ።

ማሽኑ በሊዝ ወይም በባንክ ዕዳ የተያዘ ቢሆንስ?

ከልማት ባንክ ወይም ከካፒታል ዕቃ ሊዝ ድርጅት በሊዝ የተወሰደ ማሽን ዕዳው እስኪያልቅ ባለቤቱ አከራዩ ነው። ስለዚህ የምትካፈሉት ማሽኑን ሳይሆን የተከፈለውን ገንዘብና ቀሪውን ግዴታ ነው። ቦታ ለመቀየር በጽሑፍ ማስፈቀድ ግድ ይላል። ለብድር መያዣ በሆነ ማሽን ላይም አበዳሪው ሳያውቅ ምንም አታድርጉ።

የምንሠራው በመንግሥት ሼድ ነው። ሼዱ ይካፈላል?

አይካፈልም። ሼዱ ለኢንተርፕራይዙ የተከራየ የመንግሥት ንብረት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ከወጣ የኢንተርፕራይዙን የአባልነት ሰነድ በማስተካከል ይታያል። ማሽኖቹ ግን ከላይ እንደተባለው ናቸው።

ወደ የትኛው ዳርቻ ልሂድ?

ቶርኖ ቤት ደንበኛው ባለበት እንጂ ኪራይ በረከሰበት አይኖርም። ከሶማሌ ተራ ጋራዦች የሚመጣ ሥራ ዋና ገቢዎ ከነበረ ለገጣፎ ሄደው አያገኙትም፤ መካኒክ አንድ ቡሽ (ዘንግ የሚገባበት የብረት ቀለበት) ለማስቆረጥ ከተማውን አያቋርጥም። በቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም መስመር ግን የጭነት መኪናና የፋብሪካ ጥገና ሥራ አለ። በሰበታና በቡራዩ በኩል ወፍጮ ቤቶች፣ የብሎኬት ማምረቻዎችና የእርሻ መሣሪያ ባለቤቶች ይመጣሉ። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን በቦታው ይዋሉ፤ በመንገዱ ምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ፣ በአቅራቢያው ምን እንደሚመረት፣ ሌላ ቶርኖ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ይዩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የአስተዳደር ድንበር ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከአቃቂ ቃሊቲ ተነስቶ ገላን መግባት በመኪና አጭር መንገድ ቢሆንም፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ፋይልዎ ግን ከአንድ አስተዳደር ወደ ሌላ ይሻገራል። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግም ስላለው የፍቺው ጉዳይ የት እንደሚታይ ከጠበቃዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ የኪራይ ውሉ። ብዙዎች የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድበው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚከላከልላቸው ይመስላቸዋል። አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። የሥራ ቤት ተከራይን በዋናነት የሚጠብቀው ውሉ ስለሆነ የውሉ ዘመን፣ የጭማሪው መጠንና የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ኮንክሪት አፍስሰው ማሽን የሚተክሉበትን ቤት ለአንድ ዓመት ብቻ አይከራዩ።

አፈሩ ጥቁር ነው። ችግር አለው?

አለው፣ ትልቅ ችግር። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን ሰፊው መሬት ኮቲቻ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቀጭን ወለል ላይ የተቀመጠ ቶርኖ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። በግንቦት ቀጥ ያለ ዘንግ ይቆርጥ የነበረ ማሽን በነሐሴ አንዱን ጫፍ አወፍሮ ይቆርጣል። ባለሙያው ማሽኑ ያረጀ ይመስለዋል፤ የተንቀሳቀሰው ግን መሬቱ ነው።

ቤቱን ከመከራየትዎ በፊት ግድግዳው ላይ፣ በተለይ በበርና በመስኮት ማዕዘን በኩል የሰያፍ ስንጥቅ ካለ ይመልከቱ። ወለሉን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ ካለ ከሥሩ አፈሩ ሸሽቷል። ማሽኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፣ በምትኩ ግንበኞች ሰሌክት የሚሉት አፈር በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ በላዩ ብረት የገባበት ኮንክሪት ይፍሰስ። ኮንክሪቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አይያያዝ። የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከቤቱ መሠረት እንዲርቅ ማድረግ ደግሞ በርካሽ ዋጋ ብዙ ችግር ይከላከላል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ 28 ቀን ይታገሡ፤ ከፍቺ የወጣ ሰው ሥራ ለመጀመር እንደሚቸኩል አውቃለሁ፣ ግን ይታገሡ።

መብራቱስ?

ቤቱን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሦስት ፌዝ ቆጣሪ መኖሩን ይሁን። «ይገባል፣ አመልክተናል» የሚል አከራይ ቆጣሪውን ሳያሳይዎ ቀብድ አይስጡ። መካከለኛ ቶርኖ ከ3 እስከ 7.5 ኪሎ ዋት የሚደርስ ሞተር ይኖረዋል፤ አነሳሱን የሚያለሰልስ መሣሪያ ሳይኖረው በቀጥታ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከመደበኛው 5 እና 6 እጥፍ የሚሆን ኃይል ይስባል። በአካባቢው ያለው ትራንስፎርመር ከተጨናነቀ የጎረቤት አምፖል ይደበዝዛል፣ ጠብም ይመጣል። ለትንንሽ ሞተሮች ከአንድ ፌዝ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ለትልቁ ቶርኖ ግን በእሱ አይተማመኑ።

ቶርኖን ሳይጎዳ እንዴት ይጫናል?

በመጀመሪያ የማርሽ ሣጥኑ ዘይት ይውጣ፣ ቻኩ ይፈታ፣ ልቅ የሆነ ነገር ሁሉ ይነሳ። የቶርኖ ክብደት ያለው ሞተሩና ማርሽ ሣጥኑ ባሉበት በኩል ነው፤ ስለዚህ መቁረጫውን የሚሸከመው ሠረገላና የኋላው ደጋፊ ወደ ሌላኛው ጫፍ ተገፍተው ይታሰሩ፣ ክብደቱ ይመጣጠናል። ክሬን ካለ ገመዱ በአልጋው ሥር ይግባ። በዋናው ዘንግ ወይም ከፊት በሚታዩት ረጃጅም ዘንጎች ላይ ገመድ ማሰር ማሽኑን መግደል ነው፤ እነዚያ ዘንጎች ትንሽ ከጎበጡ ማሽኑ ዳግም ትክክለኛ ጥርስ አያወጣም።

ክሬን በማይገባበት ጠባብ ግቢ ማሽኑ በክሪክ ተነስቶ በወፋፍራም ቱቦዎች ላይ እየተንከባለለ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው በወረደው በኩል አይቁም፣ እጁንም ከማሽኑ ሥር አያስገባ። በጭነቱ ላይ ደግሞ በእንጨት መደላድል ላይ ይቀመጥ፣ በአራት አቅጣጫ ይታሰር። የተላጠ ብረቱ ሁሉ ግራሶ ይቀባ፤ በክረምት ሸራ ብቻውን ዝገትን አይከለክልም።

ጫኝና አውራጁን በተመለከተ፣ በሁለቱም ሰፈር ዋጋውን ከመኪናው በፊት ጨርሱ። አዲሱ ሰፈር ያሉ ወጣቶች ማሽን አይተው ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠሩ ይችላሉ። አንድ ቀን ቀድመው ሄደው ያነጋግሯቸው፣ ነገ ጎረቤቶችዎ ናቸው። ማሽን የሚያውቅ የራስዎ ሰው ግን አመራሩን ይያዝ። የጭነት መኪና ቀን ላይ ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ በመሆኑ የጉዞውን ሰዓት ከሾፌሩ ጋር ያስሉ።

ከተተከለ በኋላ ምን ይፈተሻል?

መጀመሪያ የሞተሩ አዟዟር። የፌዝ ቅደም ተከተል በአዲሱ ቤት ሊለይ ስለሚችል ቶርኖው ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ቻኩ በጥርስ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ በተቃራኒ መዞር ፈትቶት ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ቻኩ ሳይገጠም ለቅጽበት ብቻ ያስነሱት፤ ተገልብጦ ከዞረ ኤሌክትሪሺያኑ ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ያለዋውጣቸው፣ ይስተካከላል።

ቀጥሎ ውኃ ልኩ። የግንበኛ ውኃ ልክ ለዚህ አይበቃም፣ የማሽን ውኃ ልክ ይከራዩ ወይም ይዋሱ። አልጋው በርዝመቱም በወርዱም፣ በሁለቱም ጫፍ ይለካ። ከዚያ ወፈር ያለ ዘንግ ከኋላ ሳይደገፍ በቻክ ይያዝና ሁለት ቦታ ላይ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስስ ቁርጥ ይወሰድ። ሁለቱ በማይክሮሜትር ተለክተው ልዩነታቸው ከ0.02 ሚሊ ሜትር ካለፈ የእግሩ ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከሉ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ይህንኑ ይድገሙት።

ንግድ ፈቃድና ግብር?

የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ መነገር አለበት። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የተመዘገበው ከቦታው ጋር ስለሆነ ሳያሳውቁ ይዘውት አይሂዱ። ፈቃዱ በቀድሞ ባለቤትዎ ስም ከሆነ በእሱ ወይም በእሷ ስም መሥራትዎን አይቀጥሉ፤ አዲስ ያውጡ።

ሠራተኞቼ አብረውኝ መሄድ አለባቸው?

አይገደዱም። ድርጅቱ ሲዛወር አብሮ ለመሄድ ያልፈለገ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማስጠንቀቂያው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። በባልና ሚስት ጠብ መካከል ሠራተኛው ምስክር እንዲሆን፣ ወሬ እንዲያመላልስ አታድርጉት። መኖሪያው ጎፋ ከሆነ ደግሞ የትራንስፖርቱን ነገር አስቡበት፤ ጥሩ ቶርኒተር (የቶርኖ ባለሙያ) ከማሽን ይበልጥ ይቸግራል።

በዳርቻ ሰፈር ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አለ። ምንሽር የሚያስጠግን ሰው ቢመጣስ?

አይቀበሉ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መጠገን ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። «የመተኮሻ መርፌዋ ብቻ ናት»፣ «የአባቴ ቅርስ ነው» የሚለው ልመና ቅጣቱን አያስቀርም። ደንበኛውን በአክብሮት ወደ ፖሊስ ይላኩት። ፈቃድ ያለው መሣሪያ በቤታችሁ ካለም እንደ ሞርሳና እንደ ቶርኖ በዕቃ ዝርዝር ተጽፎ አይካፈልም። ፈቃዱ የተሰጠው ለስሙ ባለቤት ብቻ ነውና በማዛወሪያው መኪና ላይ ከዕቃ ጋር አይጫን፤ ፈቃዱን የሰጠውን አካል ጠይቃችሁ እንዳዘዛችሁ አድርጉ።

የዱቤ ደብተሩና የቤቱ ስልክ ቁጥርስ የማን ነው?

በዱቤ የወጣ ሥራ ገንዘብ የጋራ ሀብት ነው፣ ለብረት ሻጩ ያለባችሁ ዕዳም እንዲሁ ለቤቱ የተበደራችሁት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ዘግታችሁ ዝርዝሩን ፈርሙበት፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ሥራ የማን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ደንበኛ በሁለታችሁም እንዳይጠየቅ ማን እንደሚሰበስብ ይወሰን። ስልክ ቁጥሩን ሥራውን የሚቀጥለው ቢወስደው ይሻላል፤ ዋጋ እንዳለው ግን አውቃችሁ በግምቱ ውስጥ አስገቡት። በአሮጌው ቤት በር ላይ አዲሱ አድራሻ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፣ በቅርብ ያለ ሱቅም መንገዱን እንዲያሳይ አደራ ይባል። የተጀመረ ሥራ ያላቸውን ደንበኞች ግን ማስታወቂያ አይበቃቸውም። ለእያንዳንዳቸው ደውላችሁ ዘንጋቸው ወይም ማርሻቸው መቼና የት እንደሚደርስ ንገሯቸው፤ የሰው ዕቃ ሳይመለስ የመጨረሻው መኪና ከግቢው አይውጣ።